ከሽማግሌ ጋር ወደ ግብር ቢሮ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ለት ማታ ባለቤቴ ወይንሸት በሩ ላይ ቆማ፣ «በል ሂድ፤ ደግሞ እንደ ልማድህ ፈርተህ ከመንገድ እንዳትመለስ!» አለችኝ። ፍርሃቴን ከኔ በላይ የምታውቀው እሷ ናት። አልተመለስኩም፤ ጀግና ሆኜ ግን እንዳይመስላችሁ፣ መመለሱ የባሰ ስለሚያስፈራ ነው። በረሃውንም ባሕሩንም ዓይኔን ጨፍኜ አልፌ፣ በስተርጅናዬ ሆላንድ አገር፣ ሮተርዳም ከተማ፣ ሻርሎይስ በሚባል ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ገባሁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ቢያንስ ጋቢ ያከብራል። የዚህ አገር ንፋስ ግን ዝናቡን ወደ ጎን እያዘነበ ይመጣና፣ ጃንጥላዬን ገልብጦ መንገደኛ ሁሉ ፊት ያስቅብኛል።

ወይንሸትን ለማምጣት በቂ ደመወዝ እንዳለህ አሳይ ተባልኩ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት። በአዘቦት ቀን ሮተርዳም ውስጥ ቢሮ አጸዳለሁ፤ እሱ አልበቃም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤልጅየም ተሻግሬ፣ አንትወርፕ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። በባቡር ቅርብ ነው፤ ድንበሩ ላይ «ወዴት ነህ?» የሚል ወታደር እንኳ የለም። እኔ ሞኙ፣ ድንበሩን ካላየሁት የለም ብዬ ደመደምኩ። ቤልጅየሞች የራሳቸውን ግብር ከደመወዜ ቆርጠዋል፣ ሆላንዶችም የራሳቸውን ቆርጠዋል፤ ታዲያ ምን ቀረ? የሆላንድ የዓመቱ ግብር ማሳወቂያ ሲመጣ የሮተርዳሙ ደመወዝ ብቻ ተሞልቶ አየሁና «ትክክል ነው» ብዬ ላክሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጋሽ ግርማ፣ እዚህ አገር ከኔ በፊት ያረጁ ጎረቤቴ፣ ወሬ ጀመሩ።

«የአንትወርፑንስ አሳወቅህ?»

«ለማን?»

«ለሆላንድ ነዋ! የምትኖርበት አገር የትም ሠርተህ ያገኘኸውን ማወቅ አለበት። ቤልጅየምም የራሱን ማሳወቂያ ይፈልጋል።»

«ሁለቱ አገሮች ደግሞ ስለኔ ይነጋገራሉ?»

«ይነጋገራሉ እንጂ! አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው።»

ገቢ ደብቋል ከተባልኩ የወይንሸት ፋይል አለቀለት። እሷን ለማምጣት የያዝኩት ሥራ እሷን ሊያስቀርብኝ ነው! ከዚያ ወዲያ ደረጃው ላይ ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ፖሊስ መጣ እያልኩ መጋረጃ ጀርባ ልደበቅ እነሣለሁ፤ እንደ አገሬው መጋረጃ እንደሌለኝ ትዝ የሚለኝ መስኮቱ ጋ ከደረስኩ በኋላ ነው።

በመጨረሻ እንደ አባቶቼ አሰብኩ፦ ያጠፋ ሰው ሳይከሰስ ሽማግሌ ይልካል። ጋሽ ግርማንና የቤተ ክርስቲያናችንን አንጋፋ አስታራቂ ጋሽ ሙላቱን ለመንኳቸው። ድንጋይ ተሸክሜ ልቅረብ ብዬም ነበር፤ በዚህ አገር ግን ድንጋይ እንኳ ከሱቅ ካልገዙት አይገኝም።

ከግብር ቢሮ ቀጠሮ ይዤ ዴን ሃግ ከተማ ስንደርስ ጠረጴዛው ጀርባ ያለችው ሴት ባርኔጣችንን አውልቀን የቆምነውን ሦስት ሽማግሌዎች አየች።

«ቀጠሮው የአንድ ሰው ነው። እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ሽማግሌዎቼ ናቸው» አልኩ በተሰባበረ ሆላንድኛዬ።

«ቤተሰብዎ?»

«አይደሉም። ሊያስታርቁን ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከእርስዎ ጋር።»

«ተጣልተናል እንዴ?»

«ገና ነው።»

ይሄኔ ጋሽ ሙላቱ እጅ ነሥተው፣ «ልጄ፣ ስለ መድኃኔዓለም ብለሽ...» ብለው በአማርኛ ጀመሩ። ወደ እግሯ ጎንበስ ሲሉ ሴትዮዋ የታመሙ መስሏት ሮጣ ውሃ አመጣችላቸው። ግጥም አድርገው ጠጡና፣ «በርታ፣ ሆዷ ራርቷል» ብለው ሹክ አሉኝ።

«እኔ ይቅር ማለት አልችልም» አለች ነገሩ ሲገባት፣ ረጋ ብላ። «ማረም ነው የምንችለው።»

የቤልጅየሙን ገቢ እንድጨምር፣ በአንድ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ግብር እንዳይከፈል አገሮቹ ስምምነት እንዳላቸው፣ ለቤልጅየምም እዚያ ሳይኖር እንደሚሠራ ሰው ለብቻው እንዳሳውቅ አስረዳችኝ። የሆላንዱን እዚያው አረምን። ጋሽ ግርማ ደስታቸው እልል ሊያሰኛቸው ምንም አልቀረውም። እኔ ግን የመጣሁበትን ጠየቅሁ።

«ይሄ የባለቤቴን ፋይል ያበላሸዋል?»

«እሱ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው። እኔ አላውቅም።»

«የሚያውቀውስ ማነው?»

«ይጽፉልዎታል።»

«መቼ?»

ፈገግ ብላ ትከሻዋን ሰበቀች። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር፤ ቁጣ ይበርዳል። በባቡሩ ሽማግሌዎቼ ድል እንዳደረገ ሰው እየሳቁ ሲመለሱ፣ እኔ ለወይንሸት ምን እንደምላት አሰላስል ነበር።

ማታ ወይንሸት ደወለች።

«እ? አለቀ?»

«ተስተካከለ።»

«አለቀ ወይ ነው ያልኩህ። ላሟን ለእህቴ ልስጣት እንዴ? ከመጣሁ ማን ያልብልኛል?»

እኔ፣ ለቀብርም ቀልድ የማላጣው ሰው፣ ወሬውን ወደ ላሟ አዞርኩ።

«ለመሆኑ ደህና ትታለባለች?» አልኳት።

ከወዲያ የመንደሩ ውሻ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ገባኝ» አለች በመጨረሻ። «እንግዲያው የላሟን የዓመት ድርቆሽ ሳይወደድ ልግዛ።»