ከታይቱ እጅ የማይወጣው ፒንሳ

የዚያን ቀን ሰቆጣ ላይ በረዶ ወረደ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ቀትር ሲሆን ጠቆረና የጋራዡን ቆርቆሮ ጠጠር እንደሚወረወርበት ያንኳኳው ጀመር። ታይቱ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ዛሬ እንኳ ማንም አይመጣም ብላ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ገና በደንብ ሳትደላደል ቅጣው አሮጌ የመኪና ምንጣፍ በራሱ ላይ ደፍቶ እየሮጠ ገባ። ቅጣው ከመንገዱ ማዶ ጋራዥ ያለው ጎረቤታቸው ነው። በዚያ በረዶ የመጣው ባለ ገመዱን ፒንሳ ሊዋስ ነበር።

ታይቱ፣ ደግሰው የለም አለችው። ባሏ ደግሰው ግን መኪና ሥር ተኝቶ ኖሮ፣ እግሩ ብቻ እየታየ፣ «አለሁ፣ አለሁ። ስጪው» አለ።

ሰጠችው። ምን ታድርግ።

ደግሰው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ለእሱ ከመስረቅ አይተናነስም፤ አባቱም እንዲሁ ነበሩ ይላሉ፣ በሬያቸውን ለሰው ሰጥተው የራሳቸውን እርሻ በቁፋሮ የጨረሱ። ክሪኩን አንድ ሾፌር ተውሶ አበርገሌ ወረደ፣ ክሪኩም እዚያው ቀረ። ትልቁ መዶሻ ዛሬ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ቁልፎቹ አንድ በአንድ ወጡ፣ እንደ ወጡም ቀሩ። ደግሰው ሲጠየቅ «ይመልሱታል» ይላል፤ ታይቱ ይህን ቃል ስትሰማ ጥርሷ ይቆረጥማታል። መሣሪያው ሲሄድ ደንበኛውም ተከትሎ ሄደ። ጋራዡ ሳይዘጋ የቆየው በባለ ገመዱ ፒንሳ ነው፤ ይህን ታይቱም ታውቃለች፣ ጎረቤቱም ያውቃል።

ፒንሳውን ያመጣላቸው አዲስ አበባ መለዋወጫ ሱቅ የሚሠራው ወንድሟ ይግዛው ነው። የመኪና ውሃ በጎማ ቱቦ ይሄዳል፤ ቱቦውን ከብረቱ ጋር አጥብቆ የሚይዘውን ቀለበት ጋራዥ ቤት ፋሸታ ይሉታል። በብሎን የሚጠብቀው ፋሸታ ደግ ነው፣ በካቻቢቴ ይፈታል። ከሞላ፣ ተጨምቆ መልሶ ከሚነጥር ብረት የተሠራው ግን ሁለት ጆሮ አለው፤ ጆሮዎቹን አንድ ላይ ካልጨመቁለት አይላላም። ሲጨምቁት ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ጣት ይልጣል። መኪና የሚሠሩት ሰዎች ደግሞ ምን ክፋት እንዳደረባቸው እንጃ፣ ይህን ፋሸታ የሰው እጅ ከማይደርስበት ከሞተሩ ጀርባ መወሸቅ ይወዳሉ። ይግዛው ያመጣው ፒንሳ እጀታው እንደማንኛውም ፒንሳ ነው፤ ከእጀታው ግን እንደ ብስክሌት ፍሬን ያለ ረጅም ገመድ ይወጣል፣ በገመዱ ጫፍ ትንሽ መንጋጋ አለ። መንጋጋውን በጠባቡ ቦታ ሰደው ጆሮዎቹን ያስነክሱታል፣ እጀታውን ከውጭ ሆነው ይጨምቁታል። ከዚያ ራሱን ቆልፎ ይይዛል፣ ቱቦውም ይለቃል። እንዲህ ያለ ሌላ ፒንሳ ሰቆጣ ውስጥ ያየ ሰው አልነበረም። ያየውም ሁሉ የሚዋሰው ለዚህ ነው።

በበረዶው ቀን የወጣው ፒንሳ በዚያው ሰነበተ። ቅጣው ስትጠይቀው ለአንድ የጽጽቃ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ አላት፤ ሊያዝንላትም ሞከረ። ታይቱ ነጠላዋን ደርባ፣ በጭነት መኪና ላይ ከከረጢት ጋር ተጭና ጽጽቃ ሄደች። ሾፌሩ ለአክስቱ ልጅ ሰጥቶታል። የአክስቱ ልጅ ለወፍጮ ቤት ሰጥቶታል። ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ስላልገባው ጓሮ ጥሎት፣ የባለ ወፍጮው ሚስት የዶሮ ቤቷን በር በገመዱ አስራበት ታይቱ አገኘችው። ሴትየዋ ዶሮዎቼ ሊወጡብኝ ነው ብላ ተቆጣቻት። ታይቱ ለዶሮዎቹ በር ማሰሪያ ልጥ ፈልጋ አምጥታ፣ ፒንሳዋን ይዛ ተመለሰች።

ስትመለስ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ወርቅአገኘሁ ሄደችና ፒንሳውን ከፊታቸው አስቀምጣ፣ ይህን ነገር ይገዝቱልኝ አለቻቸው።

«ልጄ፣ ግዝት ለሰው እንጂ ለብረት አይሆንም» አሏት።

«ሰዎቹንማ በምን ይችሏቸዋል አባቴ። ብዙ ናቸው።»

መምሬ ሳቅ አሉ። ከዚያ ግን ፊቷን ሲያዩ ተዉት። አስበሽበታል ወይ ብለው ጠየቋት፤ መንገድ ሙሉ ሳስበው ነው የመጣሁት አለች። መስቀላቸውን አነሡና ይህ መሣሪያ ከታይቱ እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ እንዳይተላለፍ ገዘቱ። ታይቱ መስቀሉን ተሳልማ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቧ ቀልሏት ወደ ቤቷ ሄደች።

ልቧ የቀለለው እስከ ማግሥቱ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ውሃ የሚያንጠባጥብ ሚኒባስ መጣ። ታይቱ ፒንሳውን ከሳጥኑ አውጥታ ለደግሰው ዘረጋችለት። ደግሰው ሁለት እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

«ምን ሆነሃል?»

«ግዝት ነው።»

«አንተ እኮ ባሌ ነህ።»

«ባልሽ ነኝ፤ እጄ ግን ያንቺ እጅ አይደለም» አለ። ደግሰው ጎረቤትን እምቢ ማለት አይችልም እንጂ ግዝት ይፈራል።

ታይቱ በአፍ መፍቻዋ በኽምጣና የማይጻፍ ነገር ተናግራ ወደ መምሬ ቤት ሮጠች። መምሬ በሌሊት ተነሥተው ሄደዋል። ከጽጽቃ ማዶ፣ በክረምት መኪና የማይደርስበት አንድ ደብር ካህን ስላጣ ክረምቱን እዚያ ሊያገለግሉ ተልከው ኖሯል። ሌላ ቄስ ብትጠይቅ፣ የገዘቱት ይፍቱት እንጂ እኔ ምን አግብቶኝ አላት።

ክረምቱን ሙሉ ፋሸታ ስትፈታ የከረመችው ታይቱ ናት። ደግሰው አጠገቧ ቆሞ በካቻቢቴ እየጠቆመ፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ፣ አሁን ጨምቂው ይላል። እሷ ኮፋኖ ሥር አንገቷን ቀብራ፣ ዘይት በሻሿ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የማይታይ ጆሮ በገመድ ጫፍ ትፈልጋለች። መጀመሪያ አካባቢ መንጋጋው እየሳተ ስንት ጊዜ ክንዷን ከጋለ ብረት ጋር እንዳጣበቀው እሷ ናት የምታውቀው። ቅጣው ከማዶ ወንበሩን አውጥቶ ያያቸዋል።

«ደግሰው» ይላል፣ «በበሬ የሚያርስ አይተናል። በሚስቱ የሚያርስ ግን አንተን አየን።»

ደግሰው ይስቃል። ያ መሳቁ ነው እሷን የሚያቃጥላት። ሊጡ ቤት እየኮመጠጠ፣ ውሃ ሳይቀዳ፣ እሷ ጋራዥ ቆማ ሰው ይስቅባታል፤ እሱ አብሮ ይስቃል። ያም ሆኖ ፒንሳው ከሳጥኑ አልጠፋም። የሚዋስ ሲመጣ ደግሰው አንገቱን ደፍቶ ግዝት ነው ይላል፣ የመጣውም ሰው መስቀል እንደታየው ያማትብና ይሄዳል። በዚያ ክረምት ዱቄት ከቤታቸው አልታጣም።

መምሬ ወርቅአገኘሁ መስቀል ካለፈ በኋላ ተመለሱ። ታይቱ ግዝቱን ላስፈታ እያለች ቀን ስትመርጥ፣ ጥቅምት ላይ አንድ ፒካፕ ሰቆጣ አደረ። ሾፌሩ፣ ትእዛዙ የሚባል፣ የፍየል ክትባት በበረዶ ሳጥን ጭኖ ኒሯቅ የሚወርድ ነበር። ኒሯቅ የታይቱ አገር ነው፤ እናቷ እዚያ ፍየሎቻቸውን ይዘው ክትባቱን ከሚጠብቁት አንዷ ናቸው። ደግሰው የወፍጮ ሞተር ሊያይ፣ መምሬም ተዝካር ተጠርተው አብረው ተሳፈሩ። ከመነሣታቸው በፊት ታይቱ ከፒካፑ ሥር እርጥበት አይታ፣ ይህ መኪና ያፈስሳል ብላ ነበር። ደግሰው ጎንበስ ብሎ አየና ኒሯቅ ያደርሰዋል አለ።

አላደረሰም። ስልኩ ሲደወል ታይቱ ሽሮ እየነፋች ነበር። ከአበርገሌ ቁልቁለት ወርደው፣ ፀሐዩ በሚፋጅበት፣ ዛፍ በሌለበት ቦታ ቆመዋል። ከሞተሩ ጀርባ ያለው ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ውሃው ሁሉ ፈስሷል። የተሰነጠቀውን ቆርጦ መልሶ መሰካት ይቻላል፣ ፋሸታው ግን እጅ የማይገባበት ነው። ደግሰው በሁለት ዓይነት ፒንሳ ሞክሮ ጣቶቹን ልጧል። አሁን ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ነው የሚደውለው። በረዶው እየሟሟ ነው፤ ቶሎ ካልደረሰ መድኃኒቱ ይበላሻል። ፒንሳውን በሚመጣው መኪና ላኪልኝ አላት።

«በማን እጅ?» አለችው።

ከዚያ መምሬን አቅርባቸው አለች። ኮረብታው ላይ እስኪወጡ ጠበቀች፣ ሲወጡም ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቀች። አባቴ እባክዎ ይፍቱልኝ ስትላቸው፣ «ልጄ፣ በስልክ አልገዘትኩም፣ በስልክም አልፈታም። መስቀሉን የሚሳለም ሰው ፊቴ ያስፈልገኛል» አሏት።

እንግዲህ ምን ቀረ። ወንፊቱን አስቀመጠች። ፒንሳውን በነጠላ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ አድርጋ መንገድ ዳር ቆመች፤ ማሽላ ሊጭን የሚወርድ መኪና አገኘችና ተሳፈረች። ቁልቁለቱን እስኪጨርሱ አጥንቷ ተላቀቀ። ደጋው ላይ ስትነሣ በርዷት ነበር፣ ታች ስትደርስ ልብሷ በላብ ተጣብቆባታል። ሦስቱ ሰዎች በፒካፑ ጥላ ተኮራምተው ተቀምጠው አየቻቸው። የበረዶውን ሳጥን በመምሬ ጋቢ ሸፍነውታል።

መምሬ ብድግ ብለው እንኳን በደህና መጣሽ አሏት። ያንን ፒንሳ አሁኑኑ እፈታልሻለሁ፣ ደግሰውም ሥራውን ይሥራ፣ አንቺም ዕረፊ አሏት። ታይቱ ዕረፊ የሚል ቃል ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። መምሬ ጓዛቸው ውስጥ መስቀላቸውን ሲፈልጉ እሷ ፒንሳውን ከነጠላው ፈታችው።

ያን ጊዜ ነው ከመኪናው ማዶ የባሏን ድምፅ የሰማችው። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ግን ሜዳው ጸጥ ያለ ነበር። ኒሯቅ እንዲህ ያለ ብልሽት ያለባቸው ሁለት መኪኖች ቆመዋል ብሎታል ትእዛዙ። ደግሰውም፣ አባ ከፈቱት ችግር የለም፣ ይዘኸው ሂድ፣ ስትመለስ ታመጣዋለህ እያለው ነው።

የፒንሳው ግዝት ገና አልተፈታም። እሷ ገና ውሃ አልቀመሰችም።

መምሬ መስቀሉን አግኝተው ወደ እሷ መጡ። ታይቱ አልተሳለመችም።

«አባቴ፣ ይተዉት። እንደታሰረ ይቆይ።»

መምሬ አዩዋት። ወደ መኪናው ማዶም አዩ፣ እሳቸውም የሰሙ መሰላት። «ሸክሙ እኮ በአንቺ ላይ ነው፣ ልጄ።»

«ሸክሙን ለምጄዋለሁ አባቴ። ያቃተኝ ፍለጋው ነው።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። የፒካፑ የፊት መከላከያ ላይ ወጥታ በሆዷ ሞተሩ ላይ ተኛች። ሞተሩ ገና ሙቅ ነው፤ በአንድ በኩል ፀሐይ በሌላ በኩል ብረት ጠበሳት። መምሬ ዣንጥላቸውን ከላይ ያዙላት። ደግሰው እንደ ልማዱ ወደ ግራ፣ ትንሽ ዝቅ ማለት ሲጀምር፣ ዛሬ ዝም በል አለችው። ገመዱን በጥንቃቄ ሰደደችው። መንጋጋው አንዱን ጆሮ ይዞ ሌላውን ሳተ። እንደገና ሰደደችው፣ ነከሰ፣ ስትጨምቀው ተንሸራትቶ ወደቀ። የግንባሯን ላብ በዘይት እጇ ጠረገች። ቀጥሎ ስትሞክር ግን አንገቷን አዙራ ጉንጯን ብረቱ ላይ አስጠግታ፣ በአንድ ዓይኗ ሁለቱንም ጆሮ አየቻቸው። አስነከሰችው። እጀታውን ስትጨምቀው ቋ ብሎ ተቆለፈ።

«ሳብ» አለች።

ደግሰው ቱቦውን ሳበው፣ ወጣ። የተሰነጠቀውን በቢላ ቆርጦ መልሶ ሰካው፣ እሷ ፋሸታውን ቦታው መልሳ ለቀቀችው። ከጀሪካኑ ውሃ ሞሉበት። ሳጥኑ ሲከፈት ከበረዶው ትንሽ ቀርቶ ነበር፤ ትእዛዙ ይበቃል ብሎ ነዳው። እናቷ ደጅ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ፍየሎቹም በማግሥቱ ተከተቡ። እናቷ ፊቷን አይተው፣ ይህ ጥቀርሻ ምንድን ነው፣ አስተምሬሽ ቢሆን ኖሮ አሏት። ትምህርት ያቋረጠችው እነዚያኑ ፍየሎች ልትጠብቅ መሆኑን አላነሣችባቸውም።

በመመለሻው መንገድ ሰቆጣ ሊገቡ ሲሉ ደግሰው፣ ለትእዛዙ እኮ ለሁለት ቀን ብቻ ነበር አለ። እሷ ጉያዋ ውስጥ ያለውን ፒንሳ ዳበሰች።

ግዝቱ እስከ ዛሬ አልተፈታም። መምሬ ሲያገኟት ላንሳልሽ ወይ ይሏታል፣ እሷ ቆይ ትላቸዋለች። ድሮ ፒንሳውን ነበር የሚዋሱት፣ አሁን እሷን ይዋሳሉ፤ ቅጣው ሳይቀር፣ ያ በእሷ ሲስቅ የነበረው፣ እትዬ ታይቱ ለአንዲት ደቂቃ እያለ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። ደቂቃ የሚለው ግማሽ ቀን ነው። የምሳ ሰዓትም ሆነ የበዓል ዋዜማ አይለይም። ይመልሷታል፣ ያ ነው ከክሪኩ የምትሻልበት።

ታይቱ አሁን ሰቆጣ፣ ያው ጋራዥ ውስጥ ናት። ፒንሳው ከበርጩማዋ ሥር ባለው ሳጥን ነው፣ የሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ አንገቷ ላይ።