አንድ ወር ያላናገርነው ልጅ

ሰበታ ውስጥ ድሬሰሩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በሥራ ቀን ክሊኒክ ውስጥ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ካኪ ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ስካውቶቹን ያሰልፋሉ። ማንም ይህን ሥሩ ብሎ አልቀጠራቸውም፤ በፈቃዳቸው ነው። ገመድ መቋጠርና ድንኳን መትከል፣ የተሰበረ እጅ ማሰር፣ ሁሉንም ለልጆቹ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ረዳታቸው እንድሆን ሲጠይቁኝ ገና ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ኩራቱን አልቻልኩትም። ሦስተኛችን ድንኳኖቹን የሚጠብቅ የፋብሪካ መካኒክ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከቡራዩ ስካውቶች ጋር ለመገናኘት በእግር በሄድንበት ቀን ነው። መስከረም ገብቷል፣ ዝናቡ ግን አልወጣም። መንገዳችን ላይ ያለው ወንዝ ደፍርሶ ሞልቶ አገኘነው። ድሬሰሩ ገመድ አስወጡ፤ መካኒኩ ቀድሞ ተሻግሮ ማዶ ካለ ዛፍ ጋር ሲያስረው በተራ እንድንሻገር አዘዙ።

ከቡድን አለቆቹ አንዱ የአሥራ አራት ዓመት የገበሬ ልጅ ነበር። ዳር ቆሞ ውሃውን ሲያይ ቆየና ለጓደኞቹ በኦሮምኛ፣ «ቢሻን ኩን ነማ ኛታ» አላቸው። ከዚያ ወደ ድሬሰሩ ዞረ።

«ጌታዬ፣ ይህ ውሃ ሰው ይበላል። የእኔን ልጆች አላሻግርም።»

«ትእዛዝ ነው!» አሉት።

«በድልድዩ እንዞራለን» አለና ሰባቱን ልጆች ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ።

እኛ ገመዱን ይዘን ተሻገርን። ማንም አልሰመጠም። እነሱ ዞረው ቡራዩ እስኪደርሱ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው፤ አስተናጋጆቻችን ምሳውን አቅርበው እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ። ድሬሰሩ ያን ቀን ምግብ አልቀመሱም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁን ከሰልፍ አወጡት። «ለአንድ ወር ማንም ስካውት አያናግረውም» አሉ። «ሰላምታም የለም። ትምህርት ቤትም ውስጥ ቢሆን።»

እኔ አጠገባቸው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ነበር። ልጆች አይደሉ፣ ሰኞ ይረሱታል ብዬ ነበር።

አልረሱትም። መጽሐፍ ለሁለት ነበር የምናካፍላቸው፤ ወንበር የሚጋራው ልጅ መጽሐፉን ወደ ራሱ ስቦ ፊቱን አዞረበት። ስካውት ያልሆኑትም ቀስ በቀስ ተከተሉ። በእረፍት ሰዓት ከቧንቧው አጠገብ ብቻውን ይቆማል፤ ደወል ሲደወል ከሁሉም ቀድሞ ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት የሒሳብ ጥያቄ ስጠይቅ እጁን አወጣ። አየሁት። ሌላ ልጅ ጠራሁ።

በዚያው ሳምንት አባቱ መጡ። ከበር ውጭ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ኦቦ፣ ይግቡ» አልኳቸው።

«እዚሁ ይሻለኛል። መምህር፣ ልጄ ቤትም መናገር ተወ። እናቱ ብታለቅስም አያናግራትም። ምን አጠፋ?»

ስለ ወንዙ፣ ስለ ቅጣቱ ነገርኳቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ «አንተስ? አንተ ታናግረዋለህ?» አሉኝ።

ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። ደብተር ማረም እጀምርና እተወዋለሁ፤ እስከ ተፍኪ መንገድ መገንጠያ ድረስ ሄጄ ያለ ምክንያት እመለሳለሁ። ሐሙስ ዕለት ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ መርፌ እየቀቀሉ ነበር።

«ቅጣቱን ያንሡለት» አልኳቸው። «ልጁ እየተጎዳ ነው።»

«አንድ ሳምንት ነው የቀረው።»

«እርስዎ አላዩትም። እኔ በየቀኑ አየዋለሁ።»

መርፌዎቹን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ አወጡ። «አለቃ የማይታዘዝበት ቡድን መንጋ ነው» አሉ። «ካልተስማማህ ቅዳሜ አትምጣ።»

መጣሁ። ልጆቹ ተሰልፈው፣ ድሬሰሩ ፊት ለፊት ቆመው፣ ልጁም እንደ ልማዱ ከሰልፉ አሥር እርምጃ ርቆ ሳለ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ያን ዕለት ለምን አልተሻገርክም?» አልኩት፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

መጀመሪያ ድሬሰሩን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ውሃው ድንጋይ ያንከባልል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ከሥር ሲንኳኳ ሰማሁት። እንደዚያ ሲሆን አባቴ ከብትም አያሻግርም።»

መካኒኩ ከድንኳኖቹ አጠገብ ሆኖ፣ «እኔንም እግሬን መትቶኝ ነበር» አለ። «አንድ ድንጋይ። አፍሬ ነው ያልተናገርኩት።»

ድሬሰሩ ወደ እሱም ወደ እኔም አልተመለከቱም። ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው ሣሩ ላይ አስቀመጡና በሜዳው ተሻግረው ወጡ። ከልጆቹ ገሚሱ እያለቀሱ ተከተሏቸው። እኔንም የሚሰድቡ ነበሩ።

ቡድኑን እኔና መካኒኩ ይዘን ቀጠልን፤ ከግማሽ በላይ ሰው ቀንሶ። ልጁን አባቱ ወደ ስካውት መልሰው አልላኩትም። ክፍል ውስጥ መናገር ጀመረ፣ ከጓደኞቹም ጋር ታረቀ፤ ለእኔ ግን ከሚያስፈልገው በላይ አንዲት ቃል አልጨመረልኝም። በዓመቱ ለትምህርት ወደ አምቦ ተሻገረ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ ስመለስ ድሬሰሩን አውቶቡስ ውስጥ አገኘኋቸው። ተነሥቼ ቦታ ልልቀቅላቸው ስል ጎኔ ተቀመጡ። ስለ ልጆቹ ጠየቁኝ፤ ድንኳን አተካከሉን እንዳልረሱ ነገርኳቸው። ዓለም ገናን አለፍን።

«መሃል ላይ ስደርስ ፈርቼ ነበር» አሉኝ ድንገት፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «ገመዱን ልለቀው ምንም አልቀረኝም። ያ ልጅ ከዳር ሆኖ እያየኝ መሰለኝ። የቀጣሁትም ፍርሃቴን አይቷል ብዬ ነው።»

«ዞሮ ሄዶ ነበር እኮ» አልኳቸው። «እርስዎ ሲሻገሩ አልነበረም።»

«አልነበረም?»

«አልነበረም።»

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይከፈታል፣ ይጨበጣል። ሰበታ መግቢያ ላይ አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ተነሥተው በሩ ጋ ቆሙ። የልጁን አድራሻ ልንገራቸው፣ አልንገራቸው እያልኩ ሳመነታ ወርደው ወደ ክሊኒኩ አቅጣጫ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ።