እናቴ የመረጠችው የወለል ማጠቢያ

ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ከተማ ውስጥ የምናመልክበት አዳራሽ ድሮ የዕቃ መጋዘን ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ መድረኩ አጠገብ ብቻ ሴራሚክ ተነጥፎበታል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይህን ወለል በባልዲና በመወልወያ ታጥብ ነበር። በሌሎቹ ቀናት ቴምቢሳ ያለችውን ትንሽ ሱቃችንን፣ እዚህ አገር ስፓዛ የሚሏትን፣ ትጠብቃለች። መዘመር አትችልም፤ ሰው ፊት ቆሞ መጸለይም ያስፈራታል። «የእኔ አገልግሎት ይሄ ነው» ትል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ ወንበር ሊደረድሩ ቀደም ብለው መጡና ገና ያልደረቀው ወለል ላይ አዳለጣቸው። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። አገር ቤት፣ ሆሳዕና ከተማ ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ ቤተሰባችንን የሚያውቁ፣ አባቴ የሞተ ጊዜ አስከሬኑ አገሩ እንዲገባ የደከሙ ሰው ናቸው። እናቴ ቤታቸው ሄዳ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

«አንቺ ምን አጠፋሽ? ሳላይ የረገጥኩት እኔ ነኝ» አሏት።

አላመነቻቸውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አዳራሹ አልሄደችም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም። እሁድ ትመጣለች፤ ከኋላ ትቀመጣለች፤ ጸሎቱ እንዳለቀ ማንንም ሳታናግር ትወጣለች። እኔም ምንም አልጠየቅኳትም። በቤታችን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም።

የሕንፃ ኮሚቴው ወለሉን አጥቦ ውሃውን እዚያው መልሶ የሚመጥ ማሽን እንዲገዛ ወሰነ። ምርጫውን ለእኔ ሰጡኝ። መጋዘን ውስጥ ስለምሠራ ማሽን የማውቅ መስሏቸው ነው። የማውቀው ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ብቻ ነበር። ቢሆንም አንድ ሻጭ ፈልጌ አገኘሁ፤ ሁለት ማሽን አዳራሹ ድረስ አምጥቶ ሊያሳየን ተስማማ። ለሽማግሌው በስልክ ስነግራቸው፣ «እናትህን ይዘሃት ና። ወለሉን የምታውቀው እሷ ናት» አሉኝ።

«እኔ ስለ ማሽን ምን አውቃለሁ?» አለችኝ እናቴ። ግን ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የሥራ ጫማዋን አደረገች፤ መኪናው ውስጥም ቀድማኝ ገባች።

ሻጩ በአርባዎቹ ውስጥ ያለ ዙሉ ነበር። አንዱ ማሽን ላዩ ላይ ተቀምጠው እንደ መኪና የሚነዱት ትልቅ ነው፤ ሌላው ከኋላው ቆመው በእጅ የሚመሩት ትንሽ። እውነቱን ለመናገር፣ ማሽኖቹ ከሻጩ መኪና ሳይወርዱ ነው ትልቁን የመረጥኩት። ልጅ ሆኜ የገበያ አዳራሽ ውስጥ እንደዚያ ዓይነት ማሽን ሲያልፍ ቆሜ አይ ነበር። ሻጩ ስለ ውሃ ታንከሩ፣ ስለ ብሩሹና ስለ ባትሪው በእንግሊዝኛ ሲያስረዳኝ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። እናቴ ቦርሳዋን ይዛ ግድግዳው ጥግ ቆማለች። ማንም አላናገራትም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሻጩ ትልቁን ማሽን አስነስቶ አዳራሹን ዞረበት። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ ጥሩ አጠበ። ምሰሶዎቹ ጋ ሲታጠፍ ግን ከኋላው ወለሉን እየጠረገ ውሃ የሚሰበስበው የጎማ መጥረጊያ ከመስመሩ ወጣና ቀጭን የውሃ ቅስት ትቶ አለፈ። እኔ አላየሁትም። እናቴ አንድ ጫማዋን አውልቃ በካልሲዋ ረገጠችው። ሽማግሌው እጃቸው በጄሶ እንደታሰረ በሩ ላይ የደረሱት በዚህ መሀል ነው። ሰላም እያሉን ወደ ምሰሶው መጡ።

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ አይርገጡ» አለች።

ቆሙ። ከይቅርታው ቀን ወዲህ ያናገረቻቸው ያን ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወደ ሻጩ ዞራ በዙሉኛ ጀመረች። ዙሉኛዋ ከሱቅ ደንበኞቿ የለቀመችው ነው፤ ሰዋስው የለውም፣ ግን ይገባል። ቆሻሻው ውሃ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ታንከሩን ማን እንደሚያነሳ፣ በምሰሶና በምሰሶ መካከል እንዴት እንደሚያልፍ ጠየቀችው። ሰውየው ለእኔ ይዞት የነበረውን የማሽኖቹን መግለጫ ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ማማ፣ በዚህ የሚሠራው ማነው?» አላት።

«እኔ ነኝ» አለችው።

ወደ ሥራው እንደምትመለስ ለእኔም አልነገረችኝም ነበር። ሽማግሌው ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ በአማርኛ ነገርኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ትልቁን ተዪው። እሱ ሰፊና ባዶ ቦታ ይፈልጋል» አላት ሻጩ፤ ትንሹን አመጣላት። ቆሻሻው ውሃ ከኋላ ባለው ቱቦ እንደሚደፋ አሳያት፤ ተጠቅመሽበት ሳትደፊው ብታሳድሪው ይሸታል አላት። እጀታውን ስትይዝ በኃይል ገፋችው፤ ማሽኑ ይዟት ሄደ። «አትግፊው፣ ራሱ ይሄዳል። አንቺ አቅጣጫ ብቻ ያዢለት» አላት። በሁለተኛው ዙር ለመደችው። በሩ ጋ ሲሚንቶው ሻካራ ስለሆነ ትንሽ እርጥበት ቀረ፤ ሻጩ ጎማውን ዝቅ አድርጎ አስተካከለው፤ ደገመችው።

ሽማግሌው ተነሡና በሄደችበት መስመር ላይ ቀስ ብለው ተራመዱ። እናቴ ማሽኑን አጥፍታ እግራቸውን ታያለች። መድረኩ ጋ ደርሰው ተመለሱ።

«ደርቋል» አሏት።

እሷ ግን በካልሲዋ ራሷ ካልረገጠችው አልረካችም።

ትንሹ ጊዜ ይፈጃል ብዬ ለመከራከር ሞከርኩ። «ቅዳሜ ሌላ የት እሄዳለሁ?» አለችኝ። ትንሹ ተገዛ።

በመጀመሪያው ወር አንድ ቀን ባትሪውን ቻርጅ ያደረገው ሰው አልነበረምና ማሽኑ አዳራሹ መሀል ላይ ቀጥ አለ። የቀረውን በመወልወያ ጨረሰችው። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ ማድረጉን ለማንም አትተውም። የሽማግሌው አንጓ ትንሽ ተጣሞ ነው የዳነው፤ ቁልፍ የሚያዞሩት በግራ እጃቸው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ «አሁን ይግቡ» እስክትላቸው በሩ ላይ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ወንበር ይደረድራሉ። እሷ ጎማውን እያጠበች ሲያወሩ አንዳንዴ እሰማለሁ። በሀዲይኛ፣ በትውልድ አካባቢያቸው ቋንቋ ነው፤ እኔ እዚህ ያደግኩ ስለሆንኩ ግማሹ አይገባኝም።