ቴፑ ካሴቴን የበላ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ አንድ ወጣት መምህር ደውሎ፣ «ዶክተር፣ ስለ ባህላዊ ሙዚቃ የጥናት ጉባኤ አዘጋጅተናል፤ ይመጣሉ?» ቢለኝ፣ ቀኑን እንኳ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ስልሳን አልፌያለሁ፣ ጉልበቴም ከደረጃ ጋር ተኳርፏል። ጉባኤ ሲባል ግን ልቤ አሁንም አርፎ አይቀመጥም።

የመጀመሪያ ጉባኤዬም እዚያው ማርቆስ ነበር። ያኔ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ፤ የማጠናውም የደቦ ዘፈን ነው። ጎረቤት ተጠራርቶ የአንዱን ጤፍ ሲያጭድ፣ አንዱ እያወጣ ሌላው እየተቀበለ የሚዘፍነውን ማለቴ ነው። የክፍላችን መምህራን «ደግሞ ዘፈን ምን ጥናት ይወጣዋል?» እያሉ ርዕሴን አላጸድቅ ብለዋል። አማካሪዬ ሳይሸፋፍኑ ነገሩኝ። «ማርቆስ ጉባኤ ላይ ሰዉን ካሳመንሽ ርዕሱ ያንቺ ነው። አለዚያ ስለ ከተማ የቤት ኪራይ ትጽፊያለሽ።»

የቤት ኪራይ! እንባዬ መጣ።

ወሩ ኅዳር ነበር። አውቶብሱ የዓባይን ዳገት ጨርሶ ደጀንን ሲያልፍ፣ የታጨደው ጤፍ ሽታ በመስኮት ገባ። አምበር ስንደርስ አንገቴን አውጥቼ የአጎቴን ማሳ ፈለግሁ። ካሴቴን የቀዳሁት በእሱ ደቦ ላይ ነው። በጽሑፌ የደረስኩበት መደምደሚያ አንድ ነበር፦ ዘፈን ሥራን ያፋጥናል። እንዴት ያለ ግልጽ ነገር! እንዲያውም ከእኔ በፊት ሰው ሳይደርስበት መቅረቱ ይገርመኝ ነበር።

በማግስቱ ሻይና ቆሎ ተጋብዘን አዳራሽ ገባን። ተራዬ ደርሶ ካሴቱን ብከተው፣ ቴፑ ሁለት ስንኝ ያህል አሰምቶ እንደ መንተባተብ አለና በላው። ክሩን ብጎትት ተጎልጉሎ ወጣ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ አማካሪዬ አቀረቀሩ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «እንግዲያው እኔ አወጣለሁ፣ እናንተ እያጨበጨባችሁ ተቀበሉ» አልኩና ዘፈንኩ።

አቤት የዚያ አዳራሽ ነገር! ከረባት ያሰረው ሁሉ ለካ የገበሬ ልጅ ኖሯል። በመጀመሪያው ስንኝ ተቀበሉኝ፤ በሦስተኛው ወንበሩ ራሱ የሚያጨበጭብ መሰለኝ። ፊት ለፊቴ ጋሽ አለኸኝ የሚባሉ፣ በጡረታ የተገለሉ ሽማግሌ መምህር ተቀምጠዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሌላው ሁለቴ ሲያጨበጭብ እሳቸው አንዴ ነው የሚደርሱት። ዘፈኑ ሲያበቃ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አንድ የኢኮኖሚክስ ምሁር እጃቸውን አወጡ።

«ዘፈን ሥራ ያፋጥናል ብለሻል። አሁን ግን ፈጥነሽ ጀምረሽ አዘገየሽው። ለምን?»

ማዘግየቴን አላወቅሁም ነበር። ሳስበው ግን ገባኝ።

«ጋሽ አለኸኝ እንዲደርሱ ነው» አልኩ።

ሰው ሳቀ። ጋሽ አለኸኝ ግን በምርኩዛቸው ወለሉን መታ መታ አደረጉ።

«ደግ አደረግሽ ልጄ! እኔም በጉልምስናዬ አውጪ ነበርሁ። የአውጪ ዓይን ከኋለኛው አጫጅ ላይ ነው። እሱ ወደኋላ ቀርቶ ሰው ፊት ቢያፍር፣ ነገ ለማን ደቦ ይመጣል?»

የምይዝ የምጨብጠው ጠፋኝ። የአጎቴ ደቦ ካሴት ውስጥም ዘፈኑ ደጋግሞ ይዘገይ ነበር። እኔ ግን በማስታወሻዬ ዳር ላይ «ደከማቸው» ብዬ ጽፌ ያንን ክፍል ከጥናቴ አውጥቼዋለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው። የቤት ኪራዩን ረሳሁት፣ አማካሪዬንም ረሳኋቸው። ጮክ ብዬ፣ «ጽሑፌ ተሳስቷል! ዘፈኑ ለማፋጠን ሳይሆን ማንም እንዳይቀር ነው!» አልኩ። እንደዚያ እየተፍለቀለቀ ስህተቱን የተናዘዘ ሰው ያ አዳራሽ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስንወጣ አማካሪዬ በር ላይ ጠበቁኝ። አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ ስል አቋረጡኝ።

«ርዕሱን ውሰጂው። ነገ ስትመለሺ አምበር ላይ ውረጂና አጎትሽ ዘንድ ሰንብቺ።»

ወረድኩ። አጨዳው እስኪያልቅ ሰነበትኩ፤ ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ጥያቄ አልወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ በስንቱ ጉባኤ ተናግሬያለሁ፤ በአብዛኛው ትክክል ነበርኩ፣ ተጨብጭቦልኛልም። ዛሬም አዳራሽ በገባሁ ቁጥር፣ ተነስቶ ስህተቴን የሚያሳየኝ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ወንበሮቹን አያለሁ። ትክክል በሆንኩባቸው ቀናት ሁሉ የዚያን ቀን ያህል ተደስቼ አላውቅም።