ጠብ አላለም

አጎቴ፣ ጋሼ የምንለው፣ ያን አሮጌ የእንጨት ጀልባ ከገዛ ወዲህ ዕረፍት አልነበረንም። ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለው ሐይቅ ሰው ላሻግርበት ብሎ ነበር የገዛው፤ እሱ እቴ! ጀልባው መንሳፈፉን ትቶ ሐይቁን ይጠጣል። ጋሼ በአይሱዙ ጭኖ አማን ከተማ፣ ግቢያችን ድረስ አመጣው።

እኔ ሆዱን በሙሉ ሬንጅ ቀብተን እንገላገል አልኩ። እሱ ግን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ዝናብ እስኪሞላው ይጠብቃል። ከዚያ ከሥሩ ባዶ ማዳበሪያ አንጥፎ በጀርባው ይተኛና የሚያፈስበትን ቦታ በከሰል ያከብበዋል። "አንቺ ልጅ፣ አትቸኩዪ፤ ውኃው ራሱ ይንገረን" ይለኛል። አንዱን ስንደፍን በሌላው ይመጣል። እንደገና ዝናብ፣ እንደገና ከሰል። በዚህ አገር ደግሞ ዝናብ አይጠፋ!

አንድ ቀን አንገሸገሸኝና የሬንጁን ጣሳ ወረወርኩት። "ጋሼ፣ የዚህ ጀልባ ነገር ጠብ አይልም፤ ተወው በቃ!" አልኩት፤ ልፋታችን ከንቱ ነው ማለቴ ነበር።

ከጀልባው ሥር ሆኖ ሳቀብኝ። "አሜን! እኔስ የምለምነው ጠብ እንዳይል አይደል?"

ከዚያ ወዲህ በተነጫነጭኩ ቁጥር መልሱ ይኸው "አሜን" ሆነ። ያበሳጨኝ ነበር።

ጋሼ ካረፈ ገና አርባው አልወጣም። ትናንት ዘንቦ ጀልባው ሞላ። እያጉረመረምኩ ከሰሉን ይዤ እሱ ይተኛበት የነበረው ማዳበሪያ ላይ ተጋደምኩ። ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ እንጨቱ ደረቅ ነው።

"ጋሼ፣ ጠብ አላለም!" ብዬ ጮህኩ።

አሜን የሚለኝ አጣሁ።