ሕግ አዋቂው ጋሽ ወንደሰንና የጥሩነሽ ውሻ

ጂንካ ውስጥ ጎረቤቴ ጋሽ ወንደሰን ያልከሰሰው ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ደርግ በወደቀ ሰሞን ፍርድ ቤት ተላላኪ ነበር። ፋይል ሲያመላልስ ሕጉ በብብቱ በኩል የገባለት ይመስለዋል። ዛሬ ባለሱቅ ነው፤ ስኳር ሲመዝን እንኳ «ሕግ አለ!» ሳይል አይውልም። የሰው ፍየል ጎመኑን ከቀመሰች ሕግ አለ። የእሱ ልጅ የሰው አጥር ሲሰብር ግን «ልጅ አይደል እንዴ!» ነው መልሱ።

ያን ልጅ፣ አብነትን፣ ባለፈው ክረምት የእትዬ ጥሩነሽ ውሻ ቂጡን ነከሰችው። እትዬ ጥሩነሽ ባሏ የሞተባት ናት፤ ዓመቱን የምትበላው የጓሮዋን በቆሎ ነው። በቆሎውን ከጦጣ የምታስጥልላት ደግሞ ያቺው ውሻ፣ ቡሬ ናት።

ጋሽ ወንደሰን ኮቱን ደርቦ «ውሻዋ ትገደል!» ብሎ ተነሣ። ምን ዓይነት ጭካኔ ነው! እትዬ ጥሩነሽ «እሷ ከሞተች እኔ ምን ልበላ ነው?» ብላ አለቀሰች።

ሽማግሌዎች ደጇ ላይ ተቀመጡ። ዋናው አባ ቦሼ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጦጣ ጋር ሲጣሉ የኖሩ የአሪ ገበሬ።

«ልጄ ምንም አላደረገም፤ ዝም ብሎ አጥሩ ሥር ቆሞ ነው» አለ ጋሽ ወንደሰን።

«ና እስቲ ልጄ፣ እንዴት እንደቆምክ አሳየን» አሉ አባ ቦሼ።

«አሳያቸው!» አለ አባትየው፣ ደረቱን ነፍቶ።

አቤት ሲያሳይ! አብነት ከኪሱ ገመድ አውጥቶ ጭራ አበጀ። ብብቱን እየፎከተ፣ ጥርሱን እያገጠጠ፣ «ኪያ! ኪያ!» እያለ አጥሩ ላይ ተንጠላጠለ። ጓደኞቹ ሲያጨበጭቡለት ጭራሽ ባሰበት። ጓዳ የታሰረችው ቡሬ ድምፁን ስትሰማ በሩን ልትሰብረው ደረሰች። የገዛ እናቱ ሳትቀር ሳቀች።

አባ ቦሼ ሳቃቸውን እንደምንም ዋጥ አድርገው ፈረዱ። «ጥሩነሽ፣ ባለ ውሻ ነሽና ልጁን ታሳክሚያለሽ። ውሻዋ አትገደልም፤ የእብድ ውሻ በሽታ እንደሌለባት እስኪታወቅ ትታሰር። እስከዚያ በቆሎውን የጦጣው አባት ይጠብቃል። ጦጣ የበላውንም ያህል ከሱቁ ዱቄት ይሰጣታል።»

«ይግባኝ!» አለ ጋሽ ወንደሰን።

«የምን ይግባኝ? ሂድና ጠብቅ!» አለችው ሚስቱ። ሽማግሌን እምቢ ካለ ሱቁን ማን ይረግጥለታል?

በማግስቱ ሳልፍ ኮቱን እንደለበሰ በቆሎው መሃል ቆሟል። ጦጣዎቹ በዚህ ሲያባርር በዚያ ይገባሉ። አንዷማ ልጇን አዝላ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብላ እሸት ትልጣለች። የሚጮኸው ጩኸት እስከ ገበያ ይሰማል።

«ጥሩነሽ! ስለ እግዜር ብለሽ ያቺን ውሻ ፍቺልኝ!»

እትዬ ጥሩነሽ ከደጇ ንቅንቅ አላለችም።

«አይ ጋሼ፣ ሕግ አለ» አለችው።