ሆዳም ይበሉኝ

አስታዋሽ እያሉ የሚጠሩት ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ፣ ለተዋንያን የረሱትን ቃል ሹክ ሲል ኖሯል። ሥራው እንደ ጨው ነው፤ ሲኖር የሚያመሰግነው የለም፣ ሲጎድል ግን ሁሉም ያውቃል። ቲያትር ቤቱ ተዘግቶ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሥራውን ለአንድ ሰው ብቻ ቀጠለ። ያ ሰው ስሙ የገነነው ተዋናይ ነው። በወጣትነታቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ካፖርት በተራ እየለበሱ አብረው ያደጉ ጓደኛሞች ናቸው።

አንድ ማታ ባለቤቱ ቴሌቪዥኑን እያየች፣

«ይኸውልህ ጓደኛህ! ዛሬ ደግሞ ከጣሪያ የሚወድቅ ሀብታም ሆኖ መጣ» አለችው። «ያ ንጉሥ ሆኖ አዳራሹን ሲያስለቅስ የነበረ ሰውዬ! ምነው፣ ሆዱ አልሞላ አለው?»

«ሥራ ነው፤ ምን ያድርግ።»

«ሥራስ ባልከፋ፤ ይሄ እኮ ቀልድ ነው። ቀልድም ቢሆን ባሳቀን!»

አስታዋሽ መልሱን ያውቃል፣ ግን ምስጢሩ የእሱ አይደለም።

ነገሩ ከአራት ዓመት በፊት የሆነ ነው። ተዋናዩ በንጉሡ ረጅም ንግግር መሐል ድንገት ቆመ። በደኅናው ጊዜ ለረሳ ሰው አንዲት ቃል ካቀበሉት ይበቃዋል፤ የቀረው እንደ ተፈታ ክር ተከታትሎ ይመጣል። ያን ዕለት ግን አስታዋሽ አንድ ቃል ቢሰጥ፣ ሁለት ቢሰጥ፣ ሦስት ቢሰጥ ክሩ አልመጣም። ንግግሩን ከዳር እስከ ዳር ቃል በቃል አጎረሰው። ተመልካቹ ዝምታው ጥበብ መስሎት ቆሞ አጨበጨበ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተዋናዩ እጁን ጨምድዶ ያዘውና፣ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ሆዳም ይበሉኝ። ሆዳም ሥራ አያጣም፤ የሚረሳን ግን ማን ይጠራዋል?» አለው።

ከዚያ ወዲህ ተዋናዩ ፊልም መረጠ፤ ከፊልምም ተራ ተራውን። እዚያ ሁለት ቃል ተናግሮ «ይበቃል!» ይባላል። ጠረጴዛ ሥር አንድ ሽማግሌ ቢንበረከክም የሚገደው የለም፤ ሹክታው ከድምፅ ጋር ቢቀዳ ሙዚቃ ይለቁበታል። ባለፈው ወር አስታዋሽ ከአልጋ ሥር ሆኖ ቢያስነጥስ አዘጋጁ፣ «ግድ የለም፣ ቤቱ ድመት አለው እንላለን» ብሎ አለፈው።

እንዲህ ባለበት ጊዜ ነው አንዲት ወጣት የፊልም አዘጋጅ አስታዋሽ ቤት ድረስ የመጣችው። ሥራዋ አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ አንዱ ግን ለብዙዎች አሥር የሚያህል ነበር። ሻይ ቀረበላትና ገና አንዴ ፉት እንዳለች፣

«ጋሼ፣ ጓደኛዎ እርስዎን ይሰማሉ አሉ። ታሪኩን ሳነብላቸው አልቅሰዋል እኮ! በማግስቱ ግን ‹አይመቸኝም› ብለው ቁጭ። ያንን የጣሪያውን ፊልም ሁለተኛ ክፍል ደግሞ ፈረሙ። ምን አጥፍቼ ነው?»

«ታሪኩ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«አንድ አባት ከሞተች ልጁ ባዶ ወንበር ጋር ያወራል። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ ካሜራው ሳይቋረጥ።»

«ቆራርጠሽ ብትቀርጪውስ?»

«ከቆራረጥኩትማ ምኑን ሠራሁት? ሐዘኑ እኮ መሐል ላይ አያርፍም።»

አስታዋሽ ትንሽ አሰበና፣ «ክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛ አለ?» አላት።

«ከወንበሯ በቀር ባዶ ነው። ለምን ጠየቁኝ?»

«እንዲያው ነው።»

እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ልጅቷ ክፉ አትመስልም፤ ምናልባትም መላ ትፈጥር ይሆናል። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነገ አንዱ ይሰማል፣ ከነገ ወዲያ የጣሪያው ፊልም እንኳ ይቀራል። ያለ ሥራ ደግሞ ያ ሰው አንድ ክረምት አይከርምም።

«ገንዘብ ነው፣ ልጄ» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ያንቺ አነሰው።»

«በቃ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለችና ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሻይዋ እንኳ አልበረደም ነበር።

ባለቤቱ ከጓዳ ሆና፣ «እኔ ስል አልነበር! እንኳን ነገርካት!» አለች። አስታዋሽ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሲያቀብል እንጂ በራሱ አፍ ሲዋሽ አያውቅም። የመጀመሪያው ይህ ሆነና ጎመዘዘው።

በማግስቱ ጧት፣ ለፊልም ቀረጻ ቢሮ አስመስለው በሠሩት ክፍል ውስጥ፣ አስታዋሽ ጉልበቱን እያሻሸ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ተዋናዩ ከላይ ተቀመጠ። ከሥር የሚታየው ጫማው ብቻ ነው።

«ልጅቷ መጣች አሉ?» አለ ተዋናዩ በቀስታ።

«መጥታ ነበር።»

«ምን አልካት?»

«በል ያልከኝን ነዋ።»

አንዱ ጫማ ሌላውን ረግጦ ቆመ። ተዋናዩም፣

«ወዲያው አመነችህ?» ሲል ጠየቀ።

አስታዋሽ ከጨለማው ውስጥ ሆኖ ጫማዎቹን አያቸው።

«ምን ታምናለች! ‹እሳቸው በገንዘብ አይለወጡም› ብላ ድርቅ! ሻይዋ በረዶ እስኪሆን ሞገተችኝ። በመከራ ነው ያሳመንኳት።»

 መብራት ሠራተኛው አምፖሉን እያዞረ ሲያስተካክል ይሰማል።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለ ተዋናዩ በመጨረሻ።

«ዝግጁ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ ጫማዎቹም ቀስ ብለው ተራርቀው ቦታቸውን ያዙ።